የ170 ሳንቲ ሜትር ገንዳና የ80 ሊትር ቦይለር፦ ከአንድ ዓመት አገልግሎት በኋላ

ባለፈው ዓመት ቤታችንን ስናድስ የመታጠቢያ ክፍሉ ወለል ሙሉ በሙሉ መነሳት ስለነበረበት፣ ለረጅም ጊዜ ስናወራው የቆየነውን የመታጠቢያ ገንዳ በዚያው ለማስገባት ወሰንን። የገዛነው ከውጭ የገባ ነጭ የአክሪሊክ ገንዳ ሲሆን ርዝመቱ 170፣ ወርዱ 75 ሳንቲ ሜትር ነው፤ ከወለሉ እስከ ትርፍ ውሃ ማስወገጃው ቀዳዳ ድረስ ያለው ጥልቀት ደግሞ 38 ሳንቲ ሜትር ነው። የአምራቹንም ሆነ የሸጠልንን ሱቅ ስም አልጠቅስም፤ የምጽፈው ነገር በአብዛኛው ተመሳሳይ መጠንና ሥሪት ላለው ገንዳ ሁሉ የሚሠራ ነውና። ዋጋውንም ትቼዋለሁ፤ ይህን የሚያነብ ሰው ገበያ በሚወጣበት ቀን የሚጠብቀው ሌላ ቁጥር ስለሚሆን የእኔ ቁጥር ከማሳሳት በቀር አይጠቅመውም።

ነጋዴው ዕቃውን «ባኞ» ይለዋል። ቃሉ እንደ ላቫጆና እንደ ጎሚስታ ከጣሊያንኛ የገባ ነው። እናቴ ግን ዕቃው ከአይሱዙ ላይ ሲወርድ በር ላይ ቆማ ተመለከተችውና፣ «ገንዳ ነው እንዴ የገዛኸው? ከብቶቹስ የታሉ?» አለችኝ። እሷ ባደገችበት አገር ገንዳ ማለት ከወፍራም ግንድ ተፈልፍሎ፣ ከውሃው ጉድጓድ አጠገብ ተጋድሞ፣ ከብት የሚጠጣበት ዕቃ ነው። ሁላችንም ሳቅን፤ እናቴ ከማናችንም ይልቅ ለታሪኩ ቀርባ እንደነበር የተረዳሁት ግን ቆይቼ፣ ስለምንገዛው ዕቃ ሳነብ ነው።

ዛሬ በየሱቁ የምናየው ገንዳ በእርግጥም ከከብት ማጠጫ የተወለደ ነው። ጆን ማይክል ኮህለር የተባለ ከኦስትሪያ የፈለሰ ሰው በአሜሪካ ዊስኮንሲን ግዛት፣ ሺቦይገን በተባለች ከተማ የብረት ማቅለጫ ነበረው፤ ለገበሬዎችም የእርሻ መሣሪያና የብረት ገንዳ ይሠራ ነበር። በ1883 እ.ኤ.አ. ለከብት ማጠጫና የታረደ አሳማ በፈላ ውሃ ነክሮ ጸጉሩን ለመንጨት ከሚያገለግሉት የብረት ገንዳዎቹ አንዱን ወስዶ ውስጡን ኢናሜል ለበጠውና፣ አራት እግር ቢገጠምለት ለገላ መታጠቢያ እንደሚሆን በሽያጭ ዝርዝሩ ላይ አሰፈረ። በስሙ የሚጠራው ኩባንያ እስከ ዛሬ ገንዳ ይሠራል። ኢናሜል ማለት በከፍተኛ ሙቀት በብረቱ ላይ ቀልጦ የተጣበቀ የብርጭቆ ዱቄት ነው፤ ብረቱን ከዝገት ያድነዋል፤ ገጹንም ቆሻሻ የማይዝ ልሙጥ ያደርገዋል። ከዚያ በፊት የነበሩት የቆርቆሮ፣ የመዳብና የእንጨት ገንዳዎች ይዝጋሉ፣ ይበልዛሉ ወይም ይሰነጠቃሉ፤ በየጊዜውም መፈተግ ይፈልጋሉ።

እግረ መንገዴን አንድ ነገር ላስጠንቅቅ፤ ስለ ገንዳ የሚነገረው ሁሉ አይታመንም። በ1917 እ.ኤ.አ. መጨረሻ ላይ ኤች. ኤል. ሜንከን የተባለ አሜሪካዊ ጋዜጠኛ በአንድ የኒው ዮርክ ጋዜጣ ባወጣው ጽሑፍ፣ በአገሩ የመጀመሪያው ገንዳ በ1842 በሲንሲናቲ ከተማ እንደተተከለ፣ ሐኪሞች እንደተቃወሙት፣ በመጨረሻም ፕሬዚዳንት ሚላርድ ፊልሞር ወደ ዋይት ሐውስ እንዳስገባው በዝርዝር ተረከ። ታሪኩ በሙሉ ከራሱ የፈለቀ ቀልድ ነበር። አንባቢው ግን አመነው፤ ሜንከን ራሱ በ1926 ፈጠራው መሆኑን በይፋ ቢናገርም ወሬው በየመጽሐፉና በየንግግሩ መደገሙን አላቆመም። እኔም መጀመሪያ ያነበብሁት ይህንኑ ነበር፤ አምኜውም ለባለቤቴ ተርኬላት ነበር።

ወደ ዕቃው ልመለስ። ሱቅ ውስጥ ሁለት ምርጫ ነበረን፤ አንደኛው ኢናሜል የተለበጠ የብረት ገንዳ፣ ሁለተኛው አክሪሊክ። የብረቱ ዋጋ ከአክሪሊኩ ከእጥፍ በላይ ነበር። ገንዘቡን ወደ ጎን ብንተወው እንኳ ክብደቱ ያሳስባል፤ በዚህ መጠን የተሠራ የብረት ገንዳ 150 ኪሎ ግራም ያህል ሲመዝን የእኛው አክሪሊክ ከ30 ብዙም አያልፍም። መታጠቢያ ክፍላችን አንደኛ ፎቅ ላይ ስለሆነ፣ በገንዳው ላይ የውሃውና የሰውየው ክብደት ሲጨመር የሚመጣውን ድምር ማሰብ ነበረብን። ሸማቾች «ብረት ሙቀት ይይዛል» ሲሉ ይሰማል፤ አባባሉ ግማሽ እውነት ነው። ብረት ሙቀት የሚይዘው መጀመሪያ ከውሃው ወስዶ ነው፤ 18 ዲግሪ ላይ ያለ 150 ኪሎ ብረት ውስጥ 40 ዲግሪ የሞቀ 150 ሊትር ውሃ ቢገለበጥ፣ ብረቱ እስኪሞቅ ድረስ ውሃው ሁለት ዲግሪ ያህል ይቀንሳል። አክሪሊክ ግን ከውሃው የሚወስደው ሙቀት ትንሽ ነው፤ ጀርባን ሲያስደግፉበትም አይቀዘቅዝም። በዚህ ረገድ በምርጫችን አልተጸጸትንም።

የተጸጸትንበት ሌላ ነው፤ ስለ ገንዳው ብዙ ስንጨነቅ ስለ ውሃውና ስለ ማሞቂያው አለማሰባችን። ገንዳውን በ20 ሊትር ጄሪካን እየለካሁ ሞልቼዋለሁ፤ አንድ ሰው ተጋድሞ ውሃው ደረቱ ድረስ እንዲደርስ ሰባት ጄሪካን፣ ማለትም 140 ሊትር ያስፈልጋል። ከዚያ በፊት የነበረን ቦይለር 50 ሊትር የሚይዝ ነበር። በ65 ዲግሪ የሞቀ 50 ሊትር ከ18 ዲግሪ ቀዝቃዛ ውሃ ጋር ሲደባለቅ የሚሰጠው የ40 ዲግሪ ውሃ 107 ሊትር ያህል ነው፤ ያውም በወረቀት ላይ፤ ምክንያቱም ሙቁ ውሃ ሲወጣ ከታች የሚገባው ቀዝቃዛ ውሃ የቀረውን ያቀዘቅዘዋል። ስለዚህ የመጀመሪያው ቀን ገላ መታጠብ ሳይሆን ቁርጭምጭሚትን መንከር ሆነ። ቦይለሩን በ80 ሊትር ቀየርን፤ እሱ በስሌት 170 ሊትር፣ በተግባር ደግሞ ያንኑ 140 ሊትር ግድም ይሰጣል። 1,500 ዋት የሚወስድ በመሆኑ ያንን ውሃ ከ18 ወደ 65 ዲግሪ ለማድረስ ሦስት ሰዓት ሊሞላ ምንም አይቀረውም፤ ከአራት ኪሎ ዋት ሰዓት በላይ ኤሌክትሪክም ይበላል። መብራት በመካከሉ ከጠፋ ነገሩ ለሌላ ቀን ይቀጠራል። ገንዳ ሊገዛ ለሚያስብ ሰው የምሰጠው ዋና ምክር ከዚህ ይመነጫል፤ ገንዳውን ከመምረጡ በፊት ቦይለሩ ላይ የተጻፈውን የሊትር ቁጥር ያንብብ።

ይህ የእኛ ብቻ ችግር እንዳልሆነ ታሪኩ ያሳያል። ሰው በግል ዕቃ ውስጥ ገላውን መታጠብ የጀመረው በጣም ጥንት ነው፤ በቀርጤስ ደሴት በክኖሶስ ቤተ መንግሥት፣ በግሪክ ምድር ደግሞ በፒሎስ ቤተ መንግሥት፣ ከሦስት ሺህ ዓመት በላይ ያስቆጠሩ የሸክላ ገንዳዎች ተገኝተዋል። የተገኙት ግን በቤተ መንግሥት ውስጥ ነው፤ ውሃ የሚቀዳ፣ እንጨት የሚሰብር፣ የሚያሞቅና የሚያፈስ ሰው ያለው እዚያ ነበርና። ሌላው ሕዝብ የሚታጠበው በወንዝ ወይም በኅብረት ነበር። በኢንደስ ሸለቆ በሞሄንጆ ዳሮ ከአራት ሺህ ዓመት በፊት የተሠራው ታላቁ መታጠቢያ ርዝመቱ 12፣ ወርዱ 7 ሜትር ያህል፣ ጥልቀቱ ደግሞ 2.4 ሜትር ነው፤ ጡቡ ውሃ እንዳያሳልፍ በሬንጅ ተደፍኗል። ሮማውያን ነገሩን ወደ ከተማ አገልግሎት አሳደጉት። በ216 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ.) ለተከፈተው ለካራካላ መታጠቢያ ከነባሩ የማርኪያ የውሃ ቦይ የራሱ ቅርንጫፍ ተቀጥሎለት ነበር፤ ወለሉም በአጫጭር የጡብ ምሰሶዎች ላይ ከፍ ብሎ የተነጠፈ ሲሆን በሥሩ የእሳት ትኩስ አየር ይመላለስ ነበር። ሙቀትና ውሃ ውድ በሆኑበት ዘመን ብልህነቱ አንዱን እሳት ለብዙ ሰው ማካፈል ነበር።

ገንዳው ወደ ግል ቤት ሲገባም ሙቀትን መቆጠብ ከሠሪዎቹ አእምሮ አልወጣም። በ18ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ፈረንሳይ ውስጥ እንደ ጫማ ቅርጽ የተሠራ፣ ላዩ በከፊል የተሸፈነ ገንዳ ነበር፤ ሰውየው እግሩን ወደ ጫፉ ሰዶ ይቀመጣል፤ ውሃው ጥቂት ሆኖ ሳለ ቶሎ አይቀዘቅዝም። የአብዮቱ ሰው ዣን ፖል ማራ በቆዳ ሕመም ይሠቃይ ስለነበር ከእንዲህ ያለው ገንዳ ብዙ ጊዜ አይወጣም ነበር፤ ጽሑፉንም የሚጽፈው እዚያው ውስጥ ተቀምጦ ነው። ሐምሌ 13 ቀን 1793 እ.ኤ.አ. ሻርሎት ኮርዴ በጩቤ የገደለችውም በዚያው ውስጥ ነበር። በቀጣዩ መቶ ዓመት ደግሞ በፓሪስ ገንዳውንም ሙቅ ውሃውንም በጋሪ ጭነው ደንበኛው ቤት ድረስ የሚያመጡ፣ ታጥቦ ሲጨርስ ይዘው የሚመለሱ ነጋዴዎች ነበሩ። በሰፈራችን ውሃ በሚጠፋበት ሳምንት ቦቴ ስናስጠራ እነዚያ ሰዎች ትዝ ይሉኛል።

በእኛ ሰፈር ውሃ የሚመጣው በሳምንት ሁለት ቀን ነው። የቀረውን ቀን የምንኖረው 2,000 ሊትር በሚይዝ ሮቶ ነው። ሻወራችን በደቂቃ ሰባት ሊትር ያህል ስለሚያወርድ፣ አምስት ደቂቃ የሚቆይ ሰው የሚጨርሰው 35 ሊትር ነው፤ አንድ ገንዳ ሙሉ ውሃ የአራት ሰው ሻወር ማለት ነው። ይህን ሒሳብ ካየን በኋላ ገንዳውን የምንሞላው ቅዳሜ ብቻ፣ እሱም ሮቶው ሞልቶ ካደረ ነው። አጠቃቀማችንንም ከጃፓኖች ወስደናል። በጃፓን ቤት ገንዳ የሚገባው ለመታጠብ አይደለም፤ ሰው አስቀድሞ ከገንዳው ውጭ ወለሉ ላይ ተቀምጦ በሳሙና ይታጠባል፣ ይለቃለቃል፤ ከዚያ ንጹሕ ሆኖ ለመሞቅ ብቻ ይገባል። ውሃው ስለማይቆሽሽ የቤቱ ሰው ሁሉ ተራ በተራ በዚያው ውሃ ይሞቃል፤ በመካከሉ እንዳይቀዘቅዝም ክዳን ይደረግበታል። እኛም በአጭር ሻወር ከታጠብን በኋላ እንገባለን፤ ሁለት ሰው ይጠቀምበታል፤ በማግስቱ ደግሞ ውሃው በባልዲ እየተቀዳ ለሽንት ቤትና ለወለል ይውላል። የጃፓኖች ገንዳ ከእኛው አጠር፣ በጣም ጠለቅ ያለ ነው፤ አንገት ድረስ ያሰምጣል። እንደዚያ ያለ ገበያ ላይ ባገኝ ኖሮ ያለ ማመንታት እገዛው ነበር።

ስለ ርዝመቱ ከተነሳ፣ 170 የሚለው ቁጥር የውጭ መለኪያ መሆኑን ገዢው ይወቅ። ጠርዙና ተዳፋቱ ሲቀነስ ወለሉ ላይ የሚቀረው ከ120 ሳንቲ ሜትር አይበልጥም። ቁመቴ 1.78 ነው፤ ትከሻዬ ውሃ ውስጥ ሲገባ ጉልበቴ ይወጣል፣ ጉልበቴ ሲገባ ትከሻዬ ይበርደዋል። በግዙፍነታቸው የታወቁት የአሜሪካ ፕሬዚዳንት ዊልያም ታፍት በ1909 እ.ኤ.አ. በመርከብ ወደ ፓናማ ሲሄዱ የተሠራላቸው ገንዳ ርዝመቱ ከሁለት ሜትር በላይ ነበር፤ ሠራተኞች ለአራት ተቀምጠውበት የተነሱት ፎቶግራፍ አለ። እኔ ያንን ያህል አልጠየቅሁም፤ 180 ሳንቲ ሜትር የሆነውን ባለመግዛቴ ግን ቅር ይለኛል።

አሁን ወደ ጉድለቶቹ። ከሁሉ የከፋው የገንዳው ሳይሆን የገጠማው ነው። የገጠመልን የሳኒተሪ ባለሙያ ፊት ለፊቱን በብሎኬት ዘግቶ ሴራሚክ ሲለብጥ፣ ሲፎኑ ጋ መድረሻ የሚሆን ትንሽ በር አልተወም። በአራተኛው ወር የትርፍ ውሃ ማስወገጃው ቱቦ ከማያያዣው ላይ ላልቶ ወደ ታችኛው ፎቅ ኮርኒስ ሲያንጠባጥብ፣ አዲሱን ሴራሚክ በመዶሻ ከመስበር ሌላ አማራጭ አልነበረንም። ቱቦውን ለማጥበቅ የፈጀው ሩብ ሰዓት ነው፤ ሴራሚኩን ለመመለስ ሁለት ቀን። አሁን በማግኔት የሚዘጋ በር አለው።

ሁለተኛው ጉድለት በከፊል የዕቃው ነው። አክሪሊክ ክብደት ሲያርፍበት ጥቂት ይረግባል። ገንዳው ባዶ ሳለ በግድግዳው መጋጠሚያ ላይ የተቀባው ሲሊኮን፣ ገንዳው በተሞላ ቁጥር እየተወጠረ ቆይቶ በሦስተኛው ወር ተላቀቀ። ትክክለኛው አሠራር ገንዳውን አስቀድሞ በውሃ ሞልቶ፣ እንደሞላ ሲሊኮኑን ቀብቶ፣ እስኪደርቅ ጠብቆ ማፍሰስ ነው፤ ሁለተኛ ጊዜ እንዲህ አድርገን እስካሁን አልተከፈተም። ከፋብሪካው የሚመጡት የብረት እግሮችም ብቻቸውን አይበቁም። ወለሉ ሥር አሸዋና ሲሚንቶ ተደልድሎ ቢያርፍበት መርገቡም፣ ሲረግጡት የሚሰማው ጓጓታም ይቀንስ ነበር፤ እኛ ይህን ያወቅነው ሁሉም ነገር ከተዘጋ በኋላ ስለሆነ ከጓጓታው ጋር መኖርን መርጠናል።

ገጹ በጥሩ ሁኔታ ላይ ነው። በለስላሳ ስፖንጅና በፈሳሽ ሳሙና ብቻ ስለምናጥበው ነጭነቱ አልተለወጠም፤ የቤት ሠራተኛችን አንድ ቀን በብረት መፈተጊያ የፈተገችው ጥግ ግን ደብዝዞ ቀርቷል። አክሪሊክ ቀለሙ እስከ ውስጥ ድረስ አንድ ዓይነት ስለሆነ እንዲህ ያለውን ጭረት በረቂቅ የብርጭቆ ወረቀትና በማለስለሻ ማጥፋት ይቻላል፤ ኢናሜል ግን አንዴ ከተላጠ ሥሩ ያለው ብረት መዛግ ይጀምራል። ወለሉ ሲረጥብ እጅግ ያንሸራትታል። የጎማ ምንጣፍ ሳያነጥፉ ልጅም ሽማግሌም እንዳይገባበት።

ለመሞቅና ለመዘፍዘፍ ብቻ ለሚፈልግ የአዲስ አበባ ነዋሪ ሌላ አማራጭ እንዳለም መዘንጋት የለበትም። ከተማዋ ራሷ የመታጠቢያ ልጅ ናት። ምኒልክና እቴጌ ጣይቱ እንጦጦ ላይ በነበሩበት ጊዜ የቤተ መንግሥቱ ሰዎች ከተራራው እየወረዱ በፍል ውሃው ይታጠቡ ነበር፤ እቴጌይቱ ቦታውን ወድደው ቤት አሠሩ፤ በ1879 ዓ.ም. አዲስ አበባ የተባለችው ከተማ በዚያው ዙሪያ ተቆረቆረች። ፍል ውሃ ዛሬም ለሕዝብ አገልግሎት ይሰጣል። ውሃውን የሚያሞቀው መሬት ስለሆነ የሦስት ሰዓት ቦይለርም የአራት ኪሎ ዋት ሰዓት ሒሳብም የለበትም። በወር አንድ ጊዜ ለሚሞቅ ሰው ገንዳ ከመትከል ወደዚያ መሄዱ በብዙ ይረክሳል፤ እኔ ራሴ ይህን ሒሳብ ቀድሜ ሠርቼ ቢሆን ኖሮ ገንዘቡን ለትልቅ ሮቶ ባዋልሁት ነበር ብዬ የማስብበት ቀን አለ።

ከቤታችን ሰው ገንዳውን በጣም የወደዱት ልጆቹ ናቸው፤ ለእነሱ አርባ ሊትር ይበቃል፤ ከዚህ ቀደም በሳፋ ውስጥ ሲታጠቡ ወለሉን ሁሉ ያጥለቀልቁት የነበረው ቀርቷል። ባለቤቴ ቅዳሜዋን አትለቅም። እናቴን ግን ማሳመን አልተቻለም። ሰውነትን የሚፈታው ወይባ ጢስ ነው ትላለች፤ በወይባ ጢስ ላይ ጋቢ ተከናንቦ መቀመጥ አንድ ሊትር ውሃ እንደማይፈጅ ሳስበው መልስ የለኝም። በዚያ ላይ የገንዳው ጠርዝ ከወለሉ 58 ሳንቲ ሜትር ከፍ ስለሚል ጉልበቷን ያማታል፤ ግድግዳው ላይ መያዣ ብረት ካስገጠምን በኋላም በመግባቱ ሳይሆን በመውጣቱ ትቸገራለች። ሽማግሌ ያለበት ቤት ከዚህ ይልቅ ዝቅ ባለ ጠርዝ የተሠራ የሻወር ወለል ቢመርጥ ይሻለዋል።

አሁን መፍትሔ አግኝታለች። የፕላስቲክ በርጩማዋን ከገንዳው አጠገብ ታስቀምጥና፣ ገንዳው ውስጥ ሁለት ጄሪካን የሚሆን ለብ ያለ ውሃ ታስሞላለች፤ ከዚያ ውጭ ተቀምጣ በጆግ እየቀዳች ትታጠባለች። ለምን እንደዚያ እንደምታደርግ ስጠይቃት፣ «ገንዳ ውሃ ይይዛል እንጂ ሰው ይይዛል እንዴ?» አለችኝ።